የሐኪም ቀጠሮና የእንጀራ ቀጠሮ



በአገራችን ሙሽሮች ከተጋቡ በኋላ ሁለተኛው ዓመት ሲገባ ጎረቤት ሁሉ መቍጠር ይጀምራል። በሠርጉ ቀን «ውለዱ፣ ክበዱ» ብሎ የመረቀ ሰው ሁሉ ምርቃቱ የት እንደ ደረሰ የመጠየቅ መብት ያለው ይመስለዋል። በማኅበር፣ በክርስትና ድግስ፣ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር ዓይን የሚያርፈው በሴቲቱ ላይ ነው። ይህ የቈየ ልማድ ነውና ብዙ አልናገርበትም። አዲሱ ነገር ያችው ሴት ዛሬ ሁለተኛ ቈጣሪ ያላት መሆኑ ነው፤ እርሱም መሥሪያ ቤቷ ነው። ስንት ቀን ቀረች፣ ስንት ሰዓት ዘገየች፣ የሙከራ ጊዜዋ መቼ ያበቃል እያለ ይቈጥራል። ሥራ ፈላጊ ከሆነችም ቈጣሪዋ ገና መልኳን እንኳ የማያውቅ ሰው ነው፤ ማክሰኞ ለፈተና ቅረቢ ብሎ ይጠራታል፣ ካልቀረበችም በማግሥቱ ይረሳታል።

ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት በእነዚህ በሁለቱ ቈጣሪዎች መካከል ስለ ተያዙ ባልና ሚስት ነው። ልጅ ለማግኘት ወደ ሐኪም የሚመላለሱ፣ በዚያው ጊዜም እንጀራቸውን ለማግኘት ወይም ላለማጣት የሚደክሙ ቤተ ሰቦች በየደብሩ አሉ፤ ግን አይናገሩም። ባይናገሩም አይፈረድባቸውም፤ የሚናገሩበት ስፍራ አልተሰጣቸውምና።

አስቀድሜ አንድ ክስ ከመንገድ ላይ ላንሣ። «ትምህርት ትምህርት፣ ሥራ ሥራ ስትል ማሕፀኗ ተዘጋ» የሚል ንግግር በብዙ ቤት ይሰማል፤ የሚናገሩትም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ያዘኑ አማቶችና አክስቶች ናቸው። በእርግጥ ከሴት ዕድሜ ጋር የመፀነስ ዕድል ይቀንሳል፤ ከ35 ዓመት በኋላም ቅነሳው ይፈጥናል። ይህን የሚክድ ሐኪም የለም። ነገር ግን ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ለመኻንነት ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ በጊዜው ሳይታከም በቀረ ኢንፌክሽን የተነሣ የማሕፀን ቱቦ መዘጋት ነው። ይህንንም በሽታ ደመወዝ መውደድ አያመጣውም። ከዚህም በላይ ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች በግማሾቹ ያህል የወንዱ ዘር ጕድለት ብቻውን ወይም ከሚስቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ በአንድ ወቅት ይህ ችግር እንደሚገጥመው አስታውቋል። እንግዲህ አሥራ ሁለት አባላት ባሉት የጽዋ ማኅበር ውስጥ ሁለቱ ይህን ኀዘን ቀምሰውት ይሆናል ማለት ነው፤ ማን እንደ ሆኑ ግን ከጎናቸው የተቀመጠው አያውቅም።

ሐኪሞች የሚሰጡት ደንብ አጭር ነው። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው ፅንስ ካልተገኘ ይመርመሩ፤ ሴቲቱ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ስድስት ወር ይበቃል። «ይመርመሩ» ያልሁት ሁለቱን ነው። የወንዱ ምርመራ ከሴቲቱ ይልቅ ቀላል፣ ርካሽና ሕመም የሌለበት ሆኖ ሳለ በብዙ ቤት መጨረሻ የሚደረገው እርሱ ነው። ሚስቲቱ ቱቦዋ በራጅ ከታየ፣ ደሟ ደጋግሞ ከተቀዳ፣ ከአለቃዋም ፈቃድ አሥር ጊዜ ከለመነች በኋላ ባልየው «እስቲ እኔም ልታይ» ይላል። በዚህ ነገር ላይ ወንዶች ወንድሞቼ ቢቈጡኝም ሐሳቤን አልለውጥም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከብዙ ዓመታት በፊት በስምንተኛ ክፍል ያስተማርኋት አንዲት ሴት ከባለቤቷ ጋር ሆና ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቴ መጣች። ዕድሜዋ ያን ጊዜ 34 ነበረ። በአንድ የግል ንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ስትሠራ ኖራ ድርጅቱ ቅርንጫፉን ስለ ዘጋ ከሥራ ወጥታለች። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ ይመላለሳል። ከተጋቡ አምስተኛ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም። ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረቻቸው። አንደኛው ሕክምናውን ለመጀመር የተሰጣት የሆስፒታል ቀጠሮ ነው። ሁለተኛው በአራት ኪሎ ከማስታወቂያ ሰሌዳ አንብባ ያመለከተችበት መሥሪያ ቤት ለጽሑፍ ፈተና የጠራበት ደብዳቤ ነው። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይውላሉ።

«መምህር፣ የትኛውን ልተው?» አለችኝ።

ባለቤቷ ዝም ብሎ ኮፍያውን ያሽከረክር ነበር። እኔም ሐኪም አይደለሁምና መልስ ከመስጠቴ በፊት የሕክምናው ቀኖች እንዴት እንደሚሄዱ ነርሷ በነገረቻት መሠረት እንድትዘረዝርልኝ ጠየቅኋትና በልጆች ደብተር ላይ ጻፍነው። በኋላም ከሐኪም አረጋግጫለሁ። ለሌሎች ቤተ ሰቦች ይጠቅም ይሆናልና እነሆ።

አይ ቪ ኤፍ የሚባለው ሕክምና፣ ይኸውም የሴቲቱ እንቁላልና የወንዱ ዘር ከማሕፀን ውጭ በላቦራቶሪ የሚገናኙበት ነው፣ በዓለም ላይ የመጀመሪያዪቱ ልጅ በእንግሊዝ አገር በሐምሌ ወር 1970 ዓ.ም. የተወለደችበት ጥበብ ነው። የልጅቱ እናት ቱቦዋ ተዘግቶባት ዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትሻ የኖረች ነበረች። ሥራውን ከሠሩት አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በአገራችን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ማዕከል እስኪከፍት ድረስ በመንግሥት ሆስፒታል ይህ ሕክምና አይሰጥም ነበር። አቅም ያላቸው ወደ ህንድና ወደ ሌላም አገር ይሄዱ ነበር፤ ያም ማለት የአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ መቅረት፣ ለብዙዎችም ሥራን መልቀቅ ማለት ነበር። አሁን ሠራተኛዪቱ ከቤቷ እየወጣች ልትታከም መቻሏ ትልቅ ነገር ነው፤ የሥራው ጥያቄም ከዚህ የተነሣ ነው የመጣው።

ቀኖቹ እንዲህ ናቸው። የወር አበባ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሴቲቱ ትታያለች። ከዚያ ከ8 እስከ 14 ቀን ያህል እንቁላል የሚያሳድግ የሆርሞን መርፌ በየቀኑ ትወጋለች፤ ይህን ራሷ ወይም ባሏ ተምሮ በቤት ሊወጋት ይችላል። በእነዚያ ቀኖች ውስጥ በየሁለት በየሦስት ቀኑ በአልትራሳውንድ፣ አንዳንድ ጊዜም በደም ምርመራ እድገቱ ይታያል። እንቁላሎቹ ሲደርሱ የመጨረሻው መርፌ ሰዓቱ ተወስኖ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት፣ ይሰጣል፤ ከ36 ሰዓት ያህል በኋላ እንቁላሎቹ በማደንዘዣ ይወጣሉ። በዚያው ቀን ባልየው ዘሩን ይሰጣል። በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ፅንሱ ወደ ማሕፀን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ተጠብቆ ደም ይመረመራል።

ደብተሩን ስንመለከተው አንድ ነገር ታየን። ከሥራ የሚጠፋው ጊዜ ሰው እንደሚፈራው ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ጧቶችና ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ ቀን ነው። የሚከብደው ብዛቱ ሳይሆን አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። እንቁላሉ የሚወጣበት ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው ብቻ ይታወቃል፤ ከታወቀም በኋላ ስለ ፈተና፣ ስለ ስብሰባ፣ ስለ ወር መጨረሻ ሒሳብ መዝጊያ ተብሎ አይገፋም። ሰዓቱ ካለፈ የወሩ ድካምና ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ባልና ሚስት በእውነት የሚመርጡት ቀን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚጀምሩበት ወር ነው። ከጀመሩ በኋላ አዛዡ ሕክምናው ነው። ስለዚህ «ሥራውን ወይስ ሕክምናውን?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «በየትኛው ወር እንጀምር?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው።

እርሷም ይህን ጥያቄ ለሐኪሟ አቀረበች። ሐኪሟ መዝገቧን አይቶ አንድ ወይም ሦስት ወር ቢዘገይ በእርሷ ሁኔታ የሚጐዳት ነገር እንደሌለ፣ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ግን እንዳይሆን ነገራት። ይህ መልስ ለእያንዳንዷ ሴት ይለያያል፤ 40 ዓመት ለሞላት ወይም እንቁላሏ ማለቅ ለጀመረባት ሴት ሦስት ወርም ውድ ነው። ስለዚህ የጎረቤትን ልክ ወስዶ ለራስ መለካት አይገባም። በርሷ ጉዳይ ግን ነገሩ ተቀለለ። ወደ ፈተናው ሄደች፤ ሥራውንም አገኘች።

አሁን ሕግን የሚመለከት ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጐዳልና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለአዲስ ሠራተኛ የሚወሰነው የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል። የሕመም ፈቃድ የሚገኘው ይህ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። የዓመት ዕረፍትም ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ የሚሰጠው ሠራተኛው አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ለእርግዝናዋ ምርመራ ደመወዟ ሳይቈረጥ ፈቃድ ታገኛለች፤ የወሊድ ፈቃዷም ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው። ልብ በሉ፤ አዋጁ ለፀነሰችው አስቧል፣ ለመፀነስ ለምትታከመው ግን በስም የጠቀሰው ነገር የለም። እርሷ ያላት በሐኪም ማስረጃ የሚገኘው የሕመም ፈቃድ፣ የዓመት ዕረፍቷ፣ እንዲሁም ልዩና አሳሳቢ ነገር ሲገጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመቱም ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ፣ ያለ ደመወዝ የሚወሰደው ፈቃድ ነው። እንግዲህ አዲስ ሥራ በያዘች በሁለተኛው ሳምንት መርፌ የምትጀምር ሴት ምንም ዓይነት የፈቃድ ጥላ ሳይኖራት በፀሐይ ላይ ቆማለች ማለት ነው። መጀመሪያውን ወር በጥንቃቄ ምረጡ ማለቴ ስለዚህ ነው።

የሙከራው ጊዜ ግን ባዶ ጊዜ መሆን የለበትም። እዚህ ላይ ነው ባልየው ኮፍያውን ማሽከርከሩን የተወው። ተመረመረና የዘሩ ቍጥር ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። አራት ዓመት ሙሉ «መኻን» የሚለውን ስም የተሸከመችው እርሷ ነበረች። ይህን በሰማ ቀን ምን እንዳላት አላውቅም፤ በባልና በሚስት መካከል ያለውን ነገር አልጠየቅሁም። የማውቀው፣ በዚያው ሳምንት ወደ እናቱ ቤት ብቻውን ሄዶ እውነቱን መናገሩን ነው። እናቱም ከዚያ ወዲህ ስለ ወገብ ስለ ሆድ አላነሡም።

የወንድ ዘር ተፈጥሮ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ወንድ ሲጋራ ቢተው፣ ከኃይለኛ ሙቀትና ከጸረ ተባይ ኬሚካል ቢርቅ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ቢወስድ፣ ለውጡ የሚታየው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ቤት 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው። ስለዚህ የሚስት የሙከራ ጊዜና የባል የሕክምና ጊዜ ጎን ለጎን ሊሄዱ ቻሉ። እርሷ በአዲሱ ወንበሯ ታማኝነቷን ስታስመሰክር እርሱ ሲጋራውን ተወ፣ መድኃኒቱን ዋጠ። በዚያም ላይ የእርሱ ሥራ ከእርሷ ይልቅ ለሕክምናው አስቸጋሪ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተገለጠ፤ እንቁላል በሚወጣበት ጧት ባልየው በጋላፊ ጉምሩክ ቆሞ ቢገኝ ምን ይጠቅማል? ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ስለ እርሷ ሥራ ብቻ ይጨነቅ ነበርና።

ለአሠሪ መናገር ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ሥራ ለመቀጠር በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ማሕፀን ማውራት ግዴታ አይደለም። «ለመውለድ አስበሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አሠሪ ቢኖር «ሥራዬን በሚገባ እሠራለሁ፤ ሕጉ የሚሰጠኝን ፈቃድም በሥርዓቱ እጠይቃለሁ» ብሎ መመለስ ውሸት አይደለም። ሕጉም ሴት በጾታዋ ምክንያት እንዳትለይ ይከለክላል። ከተቀጠረች በኋላ ግን ቢያንስ ለአንድ ሰው፣ ለቅርብ አለቃዋ ወይም ሥራዋን ሊሸፍንላት ለሚችል ባልደረባ፣ የሚበቃውን ያህል መንገር ይሻላል፤ ምክንያቱም ሁለት ቀን ሲቀረው ብቻ የሚታወቅ መቅረት ያለ ረዳት አይሆንም። የሚበቃው ምን ያህል ነው? «በሐኪም ክትትል ላይ ነኝ፤ በዚህ ወር ጥቂት ጧቶች እዘገያለሁ፣ አንድ ቀንም በድንገት እቀራለሁ፤ የቀረውን ማታ እየቈየሁ አሟላለሁ» ይበቃል። ሐኪሙም በማስረጃው ላይ የበሽታውን ስም ሳይዘረዝር በሕክምና ላይ መሆኗን ብቻ እንዲጽፍላት መጠየቅ ትችላለች።

በየመሥሪያ ቤቱ አለቆች የሆናችሁ አንባብያን አላችሁና ለእናንተም አንድ ነገር ላስታውስ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ካህኑ ኤሊ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ ሰከረች ብሎ ገሠጻት። እርሷም ልቧ ያዘነ ሴት መሆኗን ብቻ ነገረችው፤ ልጅ እንዳጣች፣ ጣውንቷ እንደምታስቈጣት አልዘረዘረችለትም። ኤሊም ምን እንደ ለመነች ሳይጠይቅ ልመናዋ እንዲፈጸም መርቆ አሰናበታት። ይህን ስፍራ በልጅነቴ ስማር ይህ ነገር አልታየኝም ነበር፤ አሁን ግን ለአለቃ ሁሉ የተጻፈ ይመስለኛል። ኤሊ ዝርዝሩን ሳይሰማ ፈቃዱን ሰጠ። ዛሬም አንዲት ታማኝ ሠራተኛ የሐኪም ወረቀት ይዛ ስትቀርብ «በሽታው ምንድን ነው? እስቲ ንገሪኝ» እያሉ በሌሎች ፊት ማስጨነቅ ከሕግም ከሥርዓትም ውጭ ነው። ደግሞም የሠራተኛን ጉዳይ በሻይ ሰዓት የሚያወራ አለቃ፣ ምንም ፈቃድ ቢሰጥ፣ የሰጠውን መልሶ ወስዶታል።

ሥራን ስለ መልቀቅ ደግሞ ሰፋ አድርጌ መናገር ይገባኛል፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዕንባ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። ፅንሱ ወደ ማሕፀን ከተመለሰ በኋላ «አትነሺ፣ አትራመጂ፣ አልጋሽ ላይ ተኚ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዳንዷም ይህን ሰምታ ሥራዋን ትለቃለች። ሐኪሞች ግን ይህን መርምረዋል፤ ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ መዋል የመፀነስን ዕድል እንደማይጨምር፣ ሊጐዳም እንደሚችል ታይቷል። ፅንሱ በመራመድ አይወድቅም። ከባድ ሸክም ወይም ለጤና የሚያሰጋ ኬሚካል ያለበት ሥራ ካልሆነ በቀር፣ ወይም ሐኪሟ በራሷ ምክንያት ካልከለከላት በቀር፣ ሒሳብ ሠራተኛ ወደ ጠረጴዛዋ፣ መምህርት ወደ ክፍሏ ልትመለስ ትችላለች። «ጭንቀትሽ ነው ያጨናገፈው» የሚለውም ወቀሳ እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሥራ አራት ጥናቶችን፣ በድምሩም 3583 ሴቶችን የተመለከተ አንድ ምርመራ ታትሞ ነበር፤ ከሕክምናው በፊት የነበረ ጭንቀትና ኀዘን ከውጤቱ ጋር የተያያዘ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ሴት በሥራዋ ስለ ተጨነቀች ልጅዋን አጠፋች ማለት በእውነት ላይ ያልቆመ ክስ ነው። ጭንቀቷን ማቅለል መልካም ነው፤ የሚቀልላት ግን ለራሷ ሲባል ነው።

ደመወዝ ማጣት ራሱ ጭንቀት መሆኑንም አንርሳ። ሕክምናው በአንድ ጊዜ ላይሳካ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ሙከራ የመሳካቱ ዕድል ከአለመሳካቱ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። ለመጀመሪያው ሙከራ ሥራውንም ቁጠባውንም የጨረሰ ቤት ለሁለተኛው በምን ይቆማል? የስንብት ክፍያን፣ ዕቁብን፣ የወላጅ ቤት ብድርን ሁሉ በአንድ ሙከራ ላይ አታፍስሱ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ጊዜ ልትሞክሩ እንደምትችሉ ሁለታችሁ ተማከሩ፣ ቍጥሩንም ጻፉት። ይህን ንግግር በመርፌው ወቅት መናገር አይቻልም፤ ያን ጊዜ ሁሉም ስሜት ነው።

ከመጀመር በፊት የሚደረግ ሌላም ንግግር አለ፤ ከንስሐ አባት ጋር። በላቦራቶሪ ከአንድ በላይ ፅንስ ሊገኝ ይችላል፤ የቀረው ምን ይሆናል? ከባልና ከሚስት ውጭ የሌላ ሰው ዘር ወይም እንቁላል ቢቀርብስ? በጾም ወራት መድኃኒቱ፣ ምግቡና የባልና ሚስት ግንኙነት እንዴት ይሁን? አንዲት ሴት በወር ውስጥ ልትፀንስ የምትችልባቸው ቀኖች ስድስት ያህል ብቻ መሆናቸውን የንስሐ አባትዎ ከእርስዎ አፍ ይስሙ እንጂ እንዲገምቱ አይጠብቁ። እነዚህ ጥያቄዎች ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ቢነሡ ሰው በሰከነ ልብ ይመክርባቸዋል። በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ብዕር ይዞ «እዚህ ላይ ፈርሙ» ሲባል ግን የሚታሰብበት ጊዜ የለም።

ጠበልን በሚመለከት ከአንባብያን የደረሰን ጥያቄ ነበረ፤ «ሰባት ቀን ሱባኤ ልግባ ወይስ መርፌውን ልቀጥል?» የሚል። ለዚህች እኅት የምለው፣ ሱባኤው መርፌው ከመጀመሩ በፊት ባለው ወር ይሁን። መርፌው በተጀመረ ጊዜ ግን ወደ ሩቅ ገዳም ወጥተው ከሐኪም ክትትል መጥፋት፣ መድኃኒቱንም ያለ ማቀዝቀዣ ይዞ መንከራተት አይሆንም። ጠበሉን በአጥቢያዎ ጧት ጠጥተው ወደ ሐኪም፣ ከዚያም ወደ ሥራ መሄድ ይችላሉ። «መድኃኒት የሚወስድ እምነት የለውም» የሚል ሰው ቢገጥምዎ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን በይፋ መናገራቸውን ያስታውሱት።

ስለዚያች ተማሪዬ የጠየቃችሁኝ እንዳትቀሩ። የሙከራ ጊዜዋን በደኅና ጨረሰች፤ ለቅርብ አለቃዋም ከላይ የጻፍሁትን ያህል ብቻ ነገረቻት። አለቃዋ ሴት ነበረችና ምንም ሳትጠይቅ የወር መጨረሻውን ሒሳብ ከሌላ ሠራተኛ ጋር አዛወረችላት። የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረም። ውጤቱ የተነገራት በሥራ ቀን ከቀኑ በ8 ሰዓት ነበረ፤ ወደ ቤቷ ሄዳ በማግሥቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «መምህር፣ ቢያንስ የምመለስበት ነበረኝ» ብላ በስልክ ነገረችኝ። በሆስፒታሉ የቀረላቸው ፅንስ ስላልነበረ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ከመርፌ ይጀምራል። አሁን አንድ ዓመት ሞልቷት 16 ቀን ዕረፍቷ በእጇ ነው፤ ከሐኪሟ ጋር የተስማሙት ለጥቅምት ነው። ባለቤቷም ለዚያ ወር የጅቡቲውን መንገድ ለባልደረባው ሰጥቶ ከአዲስ አበባ አዳማ ብቻ እንዲመላለስ ከድርጅቱ ጠይቋል፤ የመንገድ አበሉ ይቀርበታል፣ ይህን ግን ለእርሷ ገና አልነገራትም።